ሞቶ የተገኘው ነብር

የራሱን ፊርማ የሚጸየፍ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቅ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አንዷ ነኝ። የልጄን የትምህርት ቤት ካርድ እንኳ የምፈርመው ፊቴን ቅጭም አድርጌ ነው። ይህች ፊርማ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ በመኪና ኮፈን ላይ በተዘረጋ ወረቀት ግርጌ አርፋለች። የዚያን ዕለቱን ነገር ለባለቤቴ ግማሹን፣ ለንስሐ አባቴ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ነግሬያለሁ። አንድ ላይ ስናገረው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ብተወው፣ የፈጀው ሆዴን ሆነ።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትውልዴ አዴት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የዱር እንስሳት ጥበቃ ተምሬ ስመረቅ አባቴ «ጉድ እኮ ነው! እኛ ሰብላችንን ከአውሬ ስንጠብቅ ኖርን፤ የኔዋ ልጅ አውሬውን ከኛ ልትጠብቅ ተማረች» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ አስቆብኛል። የተመደብኩት ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ብናገር የሚያፍር ባይኖርም የሚከስ ግን አይጠፋም።

ወረዳው ውስጥ ሰዉ ሁሉ «ጥብቁ» እያለ የሚጠራው ደን አለ። ስሙ ጥብቅ ይሁን እንጂ ያልገባበት የለም። በአንድ ወገን ማረሻ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ፈር ይገፋዋል፤ የወሰኑ ድንጋይ እግር ያወጣ ይመስል ወደ ውስጥ ይሄዳል። በሌላው ወገን ከሰል አክሳዮች አሉ። መሀሉን ደግሞ ወጥመድ ሞልቶታል። ጉሬዛዎቹ ከረጃጅሞቹ ዛፎች ጋር አብረው አለቁ፤ ድኩላና ሚዳቋ ድስት ውስጥ ገቡ። በእኛ ሪፖርት ላይ ግን ደኑ አንድም ቀን አንሶ አያውቅም። ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። «ያምናውን ቁጥር ገልብጪው» ይሉኛል፣ እገለብጣለሁ። ያኔ ይህ ውሸት መሆኑ አይታየኝም ነበር፤ ሥራ ነበር የሚመስለኝ።

በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም መሀል፣ አንድ ማለዳ አያ ይግዛው ደወሉልኝ። አያ ይግዛው የጥብቁ ጠባቂ ናቸው፤ ያን ሁሉ ደን በአንድ ቆመጥ የሚጠብቁ ሽማግሌ።

«ልጄ፣ አውሬው ተይዟል» አሉኝ።

«የቱ አውሬ?»

«ኧረ ስሙን አታስጠሪኝ በማለዳ! ያ ፍየል የፈጀው ነው እንጅ።»

ነብሩን ማለታቸው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከደኑ ዳር ካሉት ቤቶች ፍየልና ውሻ ሲለቅም ከርሟል። እኔ አልፈረድኩበትም። ድኩላውን ሰው በልቶ ከጨረሰበት ምን ይብላ?

«ሞቷል እንዴ?»

«የለም፣ ነፍስ አለው። እግሩን ወጥመድ ይዞት ነው። ቶሎ ድረሽ፤ ሰዉ እየተጠራራ ነው።»

ሞተር ሳይክሉን ከማስነሣቴ በፊት ለኃላፊያችን ደወልኩ። ፍኖተ ሰላም ስብሰባ ላይ ነበር። ነገሩን ስነግረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የዝና፣ አደራሽን» አለኝ። «እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው። ጦር እንዳያሳርፉበት፣ በድንጋይ እንዳይደበድቡት። ሰውነቱ ላይ አንድ ጭረት እንዳላይ!» ለአውሬ እንዲህ የሚቆረቆር አለቃ ስላለኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ቀጥዬ ባሕር ዳር ለሚሠራ አንድ የእንስሳት ሐኪም ደወልኩ። አውሬን ከሩቅ በማደንዘዣ መትቶ የሚያስተኛበት መሣሪያ አለው። «መኪናውም መድኃኒቱም ዝግጁ ነው፤ መንገዱን ግን እግዜር ያውቃል» አለኝ። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋ ነበር። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሕይወት አቆዪልኝ። አስተኝቼው፣ ሽቦውን ቆርጬ፣ ቁስሉን አክሜ እለቀዋለሁ።»

እንግዲህ የዕለቱ ሥራዬ ይኸው ነበር፦ አንድ ነብር እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ማቆየት።

ስደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጉብታውን ሰው ወሮታል። ከጉብታው ሥር ባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ነብሩ በጎኑ ተጋድሟል። የሞተር ሳይክል የክላች ሽቦ የግራ የፊት እግሩን አንቆ ይዞታል፤ የሽቦው ሌላ ጫፍ ከአንድ የወይራ ግንድ ጋር ታስሯል። ሽቦውን ሲነክስ አድሮ ጥርሱ ተሰብሯል፤ አፉ ዙሪያ ደምና አረፋ ደርቆበታል። ዝንብ ከወዲሁ ሰፍሮበታል። ሽታው እስከቆምኩበት ይመጣል። ሰዉ ሲንጫጫ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ወደ ግንዱ ይሸጎጣል። ነብር እንደሚፈራ ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።

ከነብሩ ሽታ ይልቅ ያቅለሸለሸኝ ግን ሰዉ ነው። ጀርባውን ለነብሩ ሰጥቶ በስልኩ ራሱን የሚያነሣ አለ። ጓል ወርውሮ ሲያስጮኸው በሳቅ የሚንፈራፈር አለ። ቆሎ ሻጭ ሳትቀር ቅርጫቷን ይዛ መጥታለች፤ ገበያዋም ደርቷል። ያን ጊዜ በልቤ «ወይ አረመኔ!» አልኩ። ቃሉን ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ለራሴ እፈልገዋለሁ።

«ወደ ኋላ ሂዱ! ሐኪም እየመጣ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ማን ሰምቶኝ! ከአያ ይግዛው ሌላ የረዳኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ገበሬ። እጁን ዘርግቶ ሰዉን ቀስ እያለ ይመልሳል፤ አይቆጣም፣ አይጮህም። ስሙ አያ አለልኝ እንደሆነ አያ ይግዛው ነገሩኝ።

ከዚያ ስሕተት ሠራሁ። ከቦርሳዬ ቅጽ አወጣሁ፤ ዩኒቨርሲቲ እንዳስተማሩኝ፣ መጀመሪያ ጥፋተኛውን መለየት ብዬ። እስክሪብቶዬን ከፍቼ «ይህን ወጥመድ ያጠመደው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ያ ሁሉ ጫጫታ በአንዴ ጸጥ አለ። ዓይን ለዓይን መተያየት ቀረ። አንዱ «እኛ ከየት እናውቃለን?» አለ፤ ሌላው «በጾም ማን ለድኩላ ያጠምዳል?» አለ። አያ ይግዛው እጄን ጎትተው «ልጄ፣ ወረቀቱን ክተችው። ሰው ወረቀት ካየ አያውቅም፤ የናቱንም ስም አያውቅም» አሉኝ። ከተትኩት። ነገር ግን ከአሁን በኋላ ባለ ወጥመዱ እንደማይገኝ ገባኝ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሐኪሙ ደወለ፤ መራዊን አልፏል። ልቤ ሞቀ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ደወለ፤ ዳንግላ መግቢያ ላይ መኪና ሁሉ እንዲቆም ተደርጓል። ልቤ በረደ። ፀሐይዋ ስትበረታ ነብሩ ምላሱን አውጥቶ ማለክለክ ጀመረ። ከእንግዲህ ሰው ባይገድለው ውሃ ጥም ይገድለዋል እያልኩ ስጨነቅ፣ አያ አለልኝ ከአፉ በታች የተቆረጠ ጀሪካን ግማሽ ያህል ውሃ ሞልቶ መጣ። በረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ጫፍ እየገፋ፣ ወንዙ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ፣ ከነብሩ አፍ ሥር አደረሰለት። ነብሩ አንዴ ጥርሱን አሳየው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ላፍ ላፍ አደረገ።

ከጉብታው ላይ ሳቅ ወረደ። «አለልኝ አውሬ ያጠጣል! ያን ጊዜም ሌባውን አጠጥቶ ሸኝቶት ይሆናል እኮ!»

አያ አለልኝ እንዳልሰማ ሆኖ አጣናውን ሰበሰበ። ግን አንገቱ ሥር ያለችው ጅማት ስትዘል አየኋት።

«ምን ማለታቸው ነው?» ስል አያ ይግዛውን ጠየቅኳቸው።

«ተይው ልጄ፣ የቆየ ነገር ነው» አሉና ዞር አድርገው ነገሩኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ሌቦች የአያ አለልኝን በሬዎች ነድተዋል። እሱ በሩን ዘግቶ ተኝቷል ተባለ። ሚስቱ በምጥ ላይ ስለነበረች ጥሏት መውጣት አልቻለም፤ ይህን ግን ማን ይስማለት! ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ ሲፎከር እሱ ከተቀመጠበት አይነሣም፤ ቢነሣም ይስቁበታል። «ሰው በቁሙ ይቀበራል ልጄ» አሉ አያ ይግዛው፤ «ያለ ፍታት።»

ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ሰዉ ትዕግሥቱ አለቀ። አንዱ ጎረምሳ ጦር ይዞ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመረ። ጠመንጃ ያለው አልጠፋም፤ ግን በዚያ ሰሞን የጥይት ድምፅ ሌላ ጣጣ ስለሚያመጣ ሁሉም በጦርና በድንጋይ ነበር የተዘጋጀው። ጎረምሳውን ሌላው አንገቱን ይዞ መለሰው። «አንተ ማነህና ትቀድማለህ? የኔን አራት ፍየል ነው የበላው!» ሦስተኛው መጣ፤ «ፊት ያየሁት እኔ ነኝ!» መገፋፋት ተጀመረ።

ይኸኔ ነው ብልጠቴ የመጣልኝ። እግዚአብሔር ከብልጠቴ ይጠብቃችሁ። አዴት ያሉት አጎቶቼ ሲጫወቱ እሰማ ነበር፤ በአደን ወግ አውሬው የሚቆጠረው ለጣለው ሳይሆን ፊት ደሙን ላፈሰሰው ነው። በዚህ ጉዳይ የተጣላ ሰው ዓመት ሙሉ በሽማግሌ ሲመላለስ ይኖራል። ታዲያ እኔስ ለምን ነገሩን ለሽማግሌ አልሰጥም? የጎጃም ሽማግሌ አንድ የድንበር ክርክር ለመቋጨት ስንት እሑድ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ምን አላት!

ከብሳና ጥላ ሥር ጭራቸውን ይዘው የተቀመጡ አባ ጥሩነህ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። የአካባቢው ነገር ሁሉ በእሳቸው ነው የሚያልቀው። ሄጄ እጅ ነሣሁና «አባ፣ አንቱ ባሉበት ሰው በአውሬ ጦስ ደም ሊፋሰስ ነው። የገዳይነቱን ነገር አንቱ ካልፈረዱት ማን ይፈርደዋል?» አልኳቸው።

አባ ጥሩነህ ፊታቸው በራ። «ይኽችስ የሰው ልጅ ናት» አሉ። «ኑ፣ ተቀመጡ!»

ተቀመጡ። እኔ ከጎን ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ በሆዴ እስቃለሁ። ፍየል የተበላበት ተነሥቶ ከፍየሎቹ አያት ጀምሮ ተናገረ። ፊት ያየው ሰው የቆመበትን ድንጋይ ሳይቀር አሳየ። አንዱ ሲናገር ሌላው «በሕግ አምላክ!» ይላል። አባ ጥሩነህ ሁሉንም በጭራቸው እየመሩ፣ «ቃሉን ያሳርፍ፣ ቃሉን ያሳርፍ» እያሉ ያደምጣሉ። ሰባት ሰዓት አለፈ። ሐኪሙ ደወለ፤ መንገዱ ተከፍቶለት ከዳንግላ ወጥቷል። ከአንድ ሰዓት በላይ የፈጀ ክርክር ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ የሰው ሙግት ሰምቼ አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ አባ ጥሩነህ ጭራቸውን አነሡ።

«ሁላችሁንም ሰማኋችሁ» አሉ። «ፍየሉን መበላት ገዳይ አያሰኝም። ማየትም ገዳይ አያሰኝም፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። የአውሬው ደም የፈሰሰ በምንድን ነው? በሽቦው ነው። ሽቦውን ያሰረ እጅ፣ እሱ ነው ገዳዩ። ሌላ ሰው ጦር ቢያሳርፍበት ሬሳ እንደ ወጋ ይቆጠራል። ባለ ወጥመዱ ካለ ይውጣ፤ ወጥቶም በገዛ እጁ ይጨርስ። ካልወጣ አውሬው የማንም አይደለምና ማንም አይንካው። ጨረስኩ።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ባለ ወጥመዱ በእኔ ቅጽ ፈርቶ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነብሩ ተረፈ ማለት ነው! በጧቱ ስሕተቴ ሳይቀር ኮራሁ። ስልኬ ጮኸ፤ ሐኪሙ ነው። «ቲሊሊ ደርሻለሁ፤ ቢበዛ ሃምሳ ደቂቃ ነው።» ሰዉ ተኮማትሮ ተቀምጧል። አንዳንዱም ልብሱን አራግፎ ሊሄድ ተነሥቷል።

«ወጥመዱ የኔ ነው።»

ድምፁ ቀጭን ስለነበር መጀመሪያ ከየት እንደመጣ አላወቅኩም። አያ አለልኝ ከነብሩ በኩል፣ አጣናውን ይዞ ወደ ሽማግሌዎቹ እየመጣ ነበር።

«ምን አልክ?» አሉት አባ ጥሩነህ።

«ወጥመዱን ያጠመድኩ እኔ ነኝ። ለድኩላ ነበር። ሽቦውን ከቡሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የቋጠርኩትም እኔ ነኝ። የመጨረሻዋ ቋጠሮ ሁለት ጊዜ ተጠምዛለች፤ ሂዳችሁ እዩ።»

ሮጬ ፊቱ ቆምኩ። «አያ አለልኝ፣ ምን ነክቶዎታል? ቅድም እኮ ውሃ አጠጥተውታል! ሐኪሙ ደርሷል። ይህን ካደረጉ እስር ቤት ይገባሉ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ከጧት ጀምሮ ቀና ሲል ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «ልታሰር እታለም» አለኝ። «እኔ ሦስት ዓመት ታስሬያለሁ። ብቻ ያን ወረቀትሽን አውጭና ስሜን በደንብ ጻፊው፤ ከነአባቴ።»

«ስለ ወላዲቷ ብለው!»

«ውሃውንም የሰጠሁት ለዚሁ አልነበረም፤ አዝኜለት ነው። ምን ላድርግ? ፈረዱልኝ።»

ጎረምሳው ጦሩን አቀበለው። ማንም አልሳቀም። አያ ይግዛው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ልብሱን ይዤ ስጎተት ሁለት ሴቶች አቅፈው አነሡኝ። ነብሩ አያ አለልኝ ሲወርድ አይቶ አልተነሣም፤ ውሃ ያመጣለት ሰው ነውና አጎንብሶ ወደ ጀሪካኑ ተመለከተ። ጦሩ በግራ ትከሻው ኋላ ገባ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወጋው። ከዚያ ወደ ጉብታው ዞሮ፣ ያ ድምፅ የሌለው ሰው፣ ሸለቆውን አናወጠው፦

«ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!
ዝም ያለ ሰው ሁሉ ፈሪ እየመሰላችሁ፣
አለልኝ ነብር ጣለ፣ ዛሬ ምን አላችሁ!»

ሰዉ በእልልታና በጭብጨባ ወረደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልነግራችሁ እወድ ነበር። ለቁርጥማት መድኃኒት ነው ብለው ስቡን ለመውሰድ ሆዱን ሊቀዱ ሲሉ አያ ይግዛው በቆመጣቸው ከለከሏቸው። ጥፍሩን የነቀሉ አሉ። አንዱ የሞተውን አፍ በእጁ ከፍቶ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ እያስጠጋ ፎቶ ተነሣ። ቆሎዋ አልቆ ሴትዮዋ ቅርጫቷን አራገፈች።

ሐኪሙ ሃምሳ ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰ። መሣሪያውን ከሳጥኑ ግማሽ አውጥቶ ነበር፤ አየና መልሶ ከተተው። ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። እሱን ተከትሎ የኃላፊያችን መኪና መጣ። ኃላፊያችን ወርዶ ማንንም ሳያናግር ወደ ነብሩ ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ ገለባበጠው፤ ፀጉሩን ወደ ላይ ወደ ታች በመዳፉ አሸው።

«ስንት ቦታ ነው የተበሳው?» አለኝ።

«አንድ» አልኩት።

«ተመስገን!» አለ።

ያን ጊዜ ነው የጧቱ አደራ የገባኝ። «አንድ ጭረት እንዳላይ» ያለው ለነብሩ ሳይሆን ለቆዳው ነበር።

ቆዳውን እዚያው የሚገፍፉ ሰዎች አዘዘ። ከዚያ መኪናው ኮፈን ላይ ወረቀት ዘርግቶ በራሱ እጅ ጻፈ፦ ነብሩ በደን ጠባቂው ጥቆማ በተደረገ ክትትል ሞቶ ተገኝቷል፤ የሞተበት ምክንያት በሽታ እንደሆነ ይገመታል። ለሐኪሙ አቀረበለት። ሐኪሙ «እኔን ያስነዳችሁኝ ለሕያው ነብር ነው» ብሎ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ወረቀቱ ወደ እኔ ዞረ።

«አልፈርምም» አልኩ።

«የዝና፣ እንደሱ አይደለም» አለኝ በወንድምነት ድምፅ። «እውነቱን ከጻፍሽ ያ ሰውዬ እስር ቤት ነው። ሚስቱ አለች፣ ልጆቹ አሉ። ለሞተ ነብር ብለሽ ሕያው ቤት ታፈርሻለሽ? ርኅራኄ ይኑርሽ እንጂ!»

ፈረምኩ። ለአያ አለልኝ አዝኜ ነው አልኩ ለራሴ። እውነቱን ልንገራችሁ? ማዘንስ አዝኛለሁ። ግን እጄን ያንቀሳቀሰው ሐዘን አልነበረም፤ ደክሞኝ ነበር፣ ቤቴ መግባት ፈልጌ ነበር፣ ዝውውር ጠይቄም መልስ እየጠበቅኩ ነበር። ኃላፊው ለድካሜ የርኅራኄ ስም ሰጠልኝ፤ እኔም ተቀበልኩት።

ከወራት በኋላ ፍኖተ ሰላም በአንድ አዳራሽ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ስብሰባ ነበር። ከሩቅ ለመጣ አንድ የክብር እንግዳ ስጦታ ይበረከታል ተባለ። ኃላፊያችን መድረክ ላይ ወጥቶ ለእንግዳው ለምድ አለበሰው፤ የነብር ለምድ፣ ዳር ዳሩን በቀይ ከፋይ የተጌጠ። በግራ ትከሻው በኩል በጥቁር ክር የተሰፋች ጣት የምታህል ስፌት ነበረች። ደን እንጠብቅ በሚል ጽሑፍ ሥር ቆመው ፎቶ ተነሡ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ራሱ ነው ያጨበጨበው፤ ካጨበጨበ በኋላ ነው ያየሁት። ያን ዕለት ጧት ጉብታው ላይ የቆሙትን ሰዎች «አረመኔ» ብዬ ነበር። እነሱስ ርቧቸው፣ ፍየላቸው አልቆ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው ያደረጉት። ያን ቃል እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእነሱ ወስጄ ለራሴ ሰጠሁት።

በሳምንቱ አያ አለልኝ ቢሮዬ መጣ። በእግሩ ነው የመጣው። አንገቱን እንደ ድሮው ደፍቷል።

«እታለም» አለኝ፤ «ወረቀቱ ላይ ሞቶ ተገኘ ይላል አሉኝ።»

«ማን አለዎት?»

«ስብሰባ ላይ አነበቡት። መጀመሪያ ሰዉ ደስ አለው፤ ከመጠየቅ ተረፍን ብሎ። አሁን ግን ‹ሬሳ ወጊው› ይሉኛል። በዓይናቸው ያዩት ሳይቀሩ ይሉኛል። መንግሥት ማኅተም አድርጎበታል፣ የሞተ ነብር ነው የወጋኸው ይሉኛል። አባ ጥሩነህም ዝም አሉ፤ ወረቀት ምን ይከራከሩታል?» ቀጥሎም «ያን ዕለት ስሜን ጻፊ ብየሽ ነበር» አለኝ።

«ብጽፈው ይታሰራሉ እኮ፣ አያ አለልኝ።»

«ልታሰር። ያደረግኩትን አድርጌያለሁ፤ በደል ነው፣ አውቃለሁ። ውሃ ያጠጣሁትን ነው የወጋሁ። እሱ ራሱ በሕልሜ እየመጣ ያየኛል። ታዲያ በደሉንም ከወሰዳችሁብኝ ምን ቀረኝ? ነብሩንም፣ ቆዳውንም፣ ኃጢአቴንም ወሰዳችሁት።»

እሱን ሸኝቼ በሩን ዘጋሁና ጻፍኩ። ወጥመዱን፣ ሽቦውን፣ ሽማግሌ ያስቀመጥኩት እኔ መሆኔን፣ የአያ አለልኝን ስም ከነአባቱ፣ ቆዳው የት እንደደረሰ፣ ፊርማዬ የሐሰት እንደሆነ። የደኑን የገለበጥኳቸውን ቁጥሮችም ጨመርኩ። ለሚመለከተው ሁሉ ላክሁት። የሚመለከተው ግን ማንም አልነበረም። ከሥራዬ ለቀቅኩ፤ ወይም አስለቀቁኝ፣ አሁን ልዩነቱን ረስቼዋለሁ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ነብር ሲጠይቁኝ ርዕስ እቀይራለሁ።

አያ አለልኝ በየዓመቱ ለትንሣኤ ይደውልልኛል። እንኳን አደረሰሽ ይለኛል፣ ልጆቼን ይጠይቃል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እታለም፣ ክሱ መጣ?» ይለኛል። አልመጣም እለዋለሁ። «እሽ፣ እጠብቃለሁ» ይላል።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መሀል የከበረ ሰው ቤት የሚገባ አይጠፋም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ለምድ ካያችሁ፣ ባለቤቱ ዞር ሲል ጠጋ በሉና በግራ ትከሻው በኩል እዩልኝ። በጥቁር ክር የተሰፋች ጣት የምታህል ስፌት ካለች እሱ ነው። ከየት እንደመጣ ብትጠይቁ ወረቀት ያሳዩአችኋል፤ ግርጌው ላይ የእኔ ፊርማ አለ። አትመኑት። ያ ነብር ሞቶ አልተገኘም። ውሃ እየጠበቀ ነበር።